አንድ ፊት ወይስ ሙሉ ማዕድ? ፕራይምና ዙም ሌንስ ለቤተሰብ ፎቶ

ካሜራ የገዛ ሰው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የሚያነሳው ጥያቄ ይታወቃል፦ «ቀጥሎ ፕራይም ሌንስ ልግዛ ወይስ ዙም?» ጥያቄውን ከሥራ ባልደረቦቼም፣ እዚህ ሎስ አንጀለስ ሊትል ኢትዮጵያ ቡና ስንጠጣ ከማገኛቸው ወጣቶችም ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። የተለመደው መልስ «ፕራይም ጥራት አለው፣ ዙም ይመቻል» የሚል ነው። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ግን ገንዘቡን በእጁ ይዞ ሱቅ በር ላይ ለቆመ ሰው ብዙም አይረዳም።

እኔ ጥያቄውን በሌላ መንገድ ማየት እመርጣለሁ። ስለ ልቅሶ ቤት ላንሳ። ሰው ሲያርፍ ቤተሰቡ ቶሎ ብሎ ከሚፈልጋቸው ነገሮች አንዱ ጥሩ ፎቶ ነው። ስልኮች ይፈተሻሉ። የሠርግ፣ የክርስትናና የልደት ፎቶ በመቶ የሚቆጠር ይገኛል፤ እናትየው ብቻቸውን የተነሱት ግን አንድም የለም። በመጨረሻ ከአንድ የሠርግ ፎቶ ላይ ፊታቸው ተቆርጦ ይወጣል፣ ይለጠጣል፣ እንደ ደበዘዘ ፍሬም ውስጥ ይገባል። በስደት አገር ደግሞ ያው ደብዛዛ ፎቶ በቴሌግራም ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ጎንደር፣ ወደ ደሴ ይላካል።

ይህ የሚሆነው ፎቶ ስላላነሳን አይደለም። የምናነሳው ማዕዱን ስለሆነ ነው። የቤተሰብ ፎቶ ሁለት ሥራ አለው፤ አንዱ ሁሉንም ሰው በአንድ ምስል መሰብሰብ፣ ሁለተኛው አንድን ሰው ብቻውን በደንብ ማየት። ሁለቱ ሥራዎች ከሌንስ የሚፈልጉት የተለያየ ነው። ልዩነቱን በቁጥር ማሳየት ስለሚቻል እንደ ልማዳችን በስሌት እንሂድ።

መጀመሪያ ቃላቱን

ፕራይም ሌንስ የትኩረት ርዝመቱ አይለወጥም። 35፣ 50 ወይም 85 ሚሊ ሜትር ከሆነ ሁልጊዜም ያው ነው፤ መቅረብ ወይም መራቅ ያሻው በእግሩ ይሄዳል። ዙም ሌንስ ቀለበቱ ሲዞር ርዝመቱ ይለወጣል፤ ለምሳሌ ከ24 እስከ 70 ሚሊ ሜትር። አፐርቸር ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ ነው፤ «ኤፍ» ከሚለው ቀጥሎ ያለው ቁጥር ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ስለዚህ ኤፍ 1.8 ከኤፍ 4 የበለጠ ብርሃን ያስገባል።

ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች በሙሉ ለፉል ፍሬም ሴንሰር ናቸው፤ ስፋቱ 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው። ካሜራችሁ ክሮፕ ሴንሰር ከሆነ የሌንሱን ርዝመት በ1.5 አባዙት፤ ካኖን ከሆነ በ1.6። በክሮፕ ሴንሰር ላይ 35 ሚሊ ሜትር እንደ 52 ያህል፣ 50 ደግሞ እንደ 75 ያህል ያያል።

ዙም ለፎቶ ካሜራ ብዙም ያረጀ ነገር አይደለም። ለ35 ሚሊ ሜትር ፎቶ ካሜራ የመጀመሪያው የሆነው የፎክትላንደር ዙማር፣ ከ36 እስከ 82 ሚሊ ሜትር፣ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። ከዚያ በፊት የተነሳው የሰው ፎቶ ከሞላ ጎደል ሁሉም ርዝመቱ በማይለወጥ ሌንስ የተነሳ ነው። አርመናዊው የቦያጂያን ቤተሰብ፣ አባት በዳግማዊ ምኒልክ፣ ልጆች በዘውዲቱና በኃይለ ሥላሴ ዘመን የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆነው ሲያገለግሉ ቀለበት አዙረው አላቀረቡም። ካሜራው ይቆማል፣ ሰው ፊቱ ይቀመጣል፣ ርቀቱን የሚወስነው አንሺው ነው። በየቤታችን ግድግዳ ላይ ያለው የድሮ የስቱዲዮ ፎቶም የተነሳው እንዲሁ ነው። ሰውዬው ብቻውን፣ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ለመነሳት ብሎ መጥቶ።

ቦታው

ሊትል ኢትዮጵያ በፌርፋክስ ጎዳና ላይ ከኦሎምፒክ ቡሌቫርድ ወደ ደቡብ የሚዘልቅ አጭር ሰፈር ነው። የሎስ አንጀለስ ከተማ ምክር ቤት ስሙን በይፋ የሰጠው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ምግብ ቤቱ፣ ገበያው፣ የእጣንና የበርበሬ ሱቁ ጎን ለጎን ተደርድሯል። ለፎቶ አንሺ የሰፈሩ ጠባይ ሁለት ነው።

አንደኛ፣ ቤቶቹ ፊት ለፊታቸው መስታወት፣ ውስጣቸው ወደ ኋላ የጠለቀ ነው። በመስኮቱ አጠገብ የተቀመጠ ሰው ጥሩ ብርሃን ያገኛል፤ ወደ ውስጥ በገባችሁ ቁጥር ብርሃኑ በፍጥነት ይቀንሳል። ወደ ኋላ ልሽሽ ብትሉ ደግሞ ግድግዳ ወይም የሌላ ሰው ወንበር አለ።

ሁለተኛ፣ ፌርፋክስ ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጋ ጎዳና ነው። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ስታዘቀዝቅ በምዕራብ በኩል ያለው የእግረኛ መንገድ በሕንፃዎቹ ጥላ ሥር ይውላል፤ በምሥራቅ በኩል ያሉት የሱቅ ፊቶች ግን ፀሐይ ይመታቸዋል። ጥላው ውስጥ የቆመ ሰው ከማዶ የሚንጸባረቀው ለስላሳ ብርሃን ፊቱ ላይ ያርፋል። ዓይኑን አያጨፍግግም፣ ከአፍንጫው ሥር ጥቁር ጥላ አይወድቅም። ለአንድ ሰው ፎቶ ያለ ምንም ወጪ የተዘጋጀ ስቱዲዮ ማለት ነው።

ስሌት አንድ፦ ርቀት

ቀመሩ ቀላል ነው። በምስሉ ውስጥ የሚገባው ስፋት = ርቀት × 36 ÷ የትኩረት ርዝመት።

ስድስት ሰው መሶብ ከቦ ተቀምጧል እንበል፤ ሁሉም እንዲገባ 2.5 ሜትር ያህል ስፋት ያስፈልገናል። በ85 ሚሊ ሜትር ሌንስ 5.9 ሜትር መራቅ አለብን፤ ይህ ጎዳናው ላይ ያወጣናል። በ50 ሚሊ ሜትር 3.5 ሜትር፣ በ35 ሚሊ ሜትር 2.4 ሜትር፣ በ24 ሚሊ ሜትር 1.7 ሜትር ነው። በጠባብ ቤት ውስጥ ከ35 በላይ ያለው ሌንስ ለማዕድ እንደማይሆን ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። 24ም ዳር ላይ የተቀመጠውን ሰው ፊት ይለጥጣል፤ ብዙ ጊዜ ዳር የሚቀመጠው ደግሞ አክስታችን ናቸው።

አሁን ወደ አንድ ሰው እንሂድ። ካሜራውን በቁሙ ይዘን ከደረት በላይ፣ ማለትም 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁመት ማንሳት እንፈልጋለን። በ85 ሚሊ ሜትር ሌንስ 1.4 ሜትር ያህል ርቀን እንቆማለን፤ በ50 ሚሊ ሜትር 83 ሴንቲ ሜትር፤ በ35 ሚሊ ሜትር 58 ሴንቲ ሜትር። የስልክ ዋና ካሜራ በአብዛኛው እንደ 24 ሚሊ ሜትር አካባቢ ስለሚያይ 40 ሴንቲ ሜትር ድረስ ያስጠጋናል።

የፊትን ቅርጽ የሚለውጠው ሌንሱ ሳይሆን ይህ ርቀት ነው። አፍንጫ ከጆሮ 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ እኛ ይቀርባል። ከ40 ሴንቲ ሜትር ላይ ስናይ አፍንጫው ከጆሮው ጋር ሲነጻጸር 30 በመቶ ገዝፎ ይታያል፤ ከ58 ሴንቲ ሜትር 20 በመቶ፤ ከ1.4 ሜትር ግን ከ9 በመቶ አይበልጥም። «በስልክ ስነሳ እኔን አልመስልም» የሚሉ እናቶች ትክክል ናቸው። ሰው የሚያውቀን ከአንድ ሜትር ተኩል ርቀት፣ ቡና እየጠጣ ሲያወራን ነው። ለፊት ከ70 እስከ 100 ሚሊ ሜትር ያሉ ሌንሶች የሚመረጡት በዚህ ምክንያት ነው።

ስሌት ሁለት፦ ብርሃን

በሁለት አፐርቸሮች መካከል ያለውን የብርሃን ልዩነት ለማግኘት ትልቁን የኤፍ ቁጥር በትንሹ አካፍለን ውጤቱን በራሱ እናባዛለን። 4 ለ1.8 ሲካፈል 2.2 ያህል ነው፤ በራሱ ሲባዛ 4.9 ይሆናል። ኤፍ 1.8 ከኤፍ 4 አምስት እጥፍ ያህል ብርሃን ያስገባል ማለት ነው። ከካሜራ ጋር በሚመጣው ርካሽ ዙም፣ ረጅሙ ጫፍ ላይ ብዙ ጊዜ ኤፍ 5.6 ስለሆነ፣ ልዩነቱ ወደ አሥር እጥፍ ይጠጋል።

ይህ በተግባር ምን ማለት ነው? በመሸ ጊዜ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ በኤፍ 4፣ በአይኤስኦ 3200 ሻተሩ 1/40 ሰከንድ ሆነ እንበል። በዚህ ፍጥነት ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ይወጣል፤ ጉርሻ የሚያጎርሱ እጆችና የሚስቅ ልጅ ግን ይሸሻሉ። በኤፍ 2.8 ሻተሩ 1/80 ይሆናል፣ በኤፍ 1.8 ደግሞ 1/200። ልጅ ለመያዝ የምንፈልገው ይህን የመጨረሻውን ነው። በሌንሱ ወይም በካሜራው ውስጥ ያለው ማረጋጊያ የእኛን እጅ ያረጋጋል፤ የልጁን ሩጫ አያረጋጋም።

ስሌት ሦስት፦ ጥርት ብሎ የሚታየው ውፍረት

እስካሁን ፕራይሙ እያሸነፈ ይመስላል። ሦስተኛው ስሌት ግን ሚዛኑን ይመልሰዋል።

አፐርቸር በሰፋ ቁጥር ጥርት ብሎ የሚታየው የቦታ ውፍረት ይቀንሳል። በ85 ሚሊ ሜትር፣ በኤፍ 1.8፣ ከ1.4 ሜትር ላይ ውፍረቱ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ዓይን ጥርት ይላል፣ ጆሮ ይደበዝዛል፣ ከኋላ ያለው ግድግዳ፣ የሶዳ ሳጥኑና የመውጫ ምልክቱ ይጠፋል። ለአንድ ፊት የምንፈልገው ይህንን ነው፤ የዛሬዎቹ ካሜራዎች ዓይንን ለይተው የሚከተሉ በመሆናቸውም 3 ሴንቲ ሜትር ድሮ ያስፈራውን ያህል አያስፈራም።

ማዕዱ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በ35 ሚሊ ሜትር፣ በኤፍ 1.8፣ ከ2.4 ሜትር ላይ ውፍረቱ 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። መሶብ ከቦ የተቀመጠ ሰው በፊትና በኋላ መካከል ከአንድ ሜትር በላይ ይይዛል። ስለዚህ ሌንሱ ኤፍ 1.8 ቢሆንም ሁሉም እንዲታይ ወደ ኤፍ 4 መዝጋት ግድ ነው፤ ያኔ ውፍረቱ 1.1 ሜትር ያህል ይሆናል። ኤፍ 4 ላይ ከደረስን ደግሞ የፕራይሙ የብርሃን ብልጫ አብሮ ጠፋ። ያው ኤፍ 4 በብዙ ዙሞች ላይም አለ።

ከሦስቱ ስሌቶች የማወጣው መደምደሚያ ይህ ነው፤ ለብዙ ሰው ፎቶ ዙም የሚያሳጣን ነገር በጣም ትንሽ ነው፤ ለአንድ ሰው ፎቶ ግን ፕራይሙ የሚሰጠንን ርካሽ ዙም አይሰጠንም።

ነጭ ነጠላ፣ ጠይም ፊት

የእኛ ቤት ፎቶ አንድ ተጨማሪ ፈተና አለው። ካሜራ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት ይሞክራል። ምስሉ በነጭ ቀሚስና በነጠላ ሲሞላ «ብርሃን በዛ» ብሎ ያጨልማል፤ የሚጨልመው ደግሞ ፊት ነው። መፍትሔው ካሜራው ፊት ላይ እንዲለካ ማድረግ ወይም ብርሃኑን በሁለት ሦስተኛ ደረጃ ያህል ከፍ ማድረግ፣ በሮው ፋይል ማንሳት፣ የነጠላው ጥለትና ሽመና እንዳይቃጠል ደግሞ ማስጠንቀቂያውን ማብራት ነው።

ችግሩ የኤሌክትሮኒክስ ብቻ አይደለም፤ ታሪክ አለው። በፊልም ዘመን ኮዳክ ለማተሚያ ቤቶች የሚልከው የቀለም ማስተካከያ «ሸርሊ ካርድ» የነጭ ሴት ፎቶ ነበር። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2021 ከፒክስል 6 ጋር «ሪል ቶን» የሚል ሥራ ይዞ የመጣው የጠቆረ ቆዳን በትክክል ለማሳየት ብሎ ነው። ከሌንስ ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ። የጨለመን ፊት በኋላ በሶፍትዌር ስናነሳው ጩኸቱም፣ ማለትም ያ ነጠብጣብ፣ አብሮ ይነሳል። አምስት እጥፍ ብርሃን ይዞ የገባ ምስል ግን ሲነሳ ንጹሕ ይሆናል።

ከመግዛታችሁ በፊት ፋይሎቻችሁን ጠይቁ

ለፕሮግራመሮች ደስ የሚለው ክፍል ይህ ነው። ካሜራ ያነሳው እያንዳንዱ ፋይል ኤክሲፍ የሚባል መረጃ ይይዛል፤ የትኩረት ርዝመት፣ አፐርቸር፣ የሻተር ፍጥነት፣ አይኤስኦ። ኤክሲፍቱል የተባለው ነጻ ፕሮግራም አንድን ሙሉ ፎልደር አንብቦ እነዚህን በሠንጠረዥ ያወጣል። ከዚያ በፓይተን ጥቂት መስመር ጽፎ የትኛው ርዝመት ስንት ጊዜ እንደመጣ መቁጠር ነው። ሦስት ነገር ልብ በሉ።

አንደኛ፣ ከካሜራው የወጣውን ዋናውን ፋይል ተጠቀሙ። በቴሌግራም በፎቶነት የተላከ ምስል ይጨመቃል፣ መረጃውም ይራገፋል።

ሁለተኛ፣ ሁሉንም አትቁጠሩ። ያሳተማችሁትን፣ ለቤተሰብ የላካችሁትን፣ ግድግዳ ላይ የሰቀላችሁትን ብቻ ለዩ። የተነሳውና የተወደደው የተለያየ ግራፍ ይሰጣል።

ሦስተኛ፣ ጫፎቹን በጥንቃቄ አንብቡ። በ24–70 ዙም 70 ላይ ትልቅ ጉብታ ካያችሁ «70 እወዳለሁ» ማለት ላይሆን ይችላል፤ «ከ70 በላይ ፈልጌ ሌንሱ አለቀብኝ» ማለት ሊሆን ይችላል። ዳታው ጫፉ ላይ ተቆርጧል። የእኔ ግራፍ ሁለት ጉብታ ነበረው፤ አንዱ 35 አካባቢ፣ ሌላው 70 ጫፍ ላይ። የመጀመሪያውን ከፍቼ ሳይ ማዕድ ነው፤ ሁለተኛውን ስከፍት ፊት ነው።

ግራፉን ካያችሁ በኋላ ገንዘብ የማያስወጣ ሙከራ አለ። ያላችሁን ዙም 35 ወይም 50 ላይ አድርጉና ቀለበቱን በፕላስተር አስሩት። አንድ ሳምንት በዚያ ብቻ አንሱ። ካልተናደዳችሁ ለፕራይም የተዘጋጃችሁ ናችሁ።

ታዲያ የቱን?

ዋጋና ክብደት እንይ። የካኖን 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ኤስቲኤም እ.ኤ.አ. በ2015 ሲወጣ 125 ዶላር ገደማ ነበር፤ ክብደቱ 160 ግራም ነው። የዚያው ኩባንያ 24–70 ኤፍ 2.8 ሁለተኛ ትውልድ እ.ኤ.አ. በ2012 የቀረበው በ2,299 ዶላር ነው፤ 805 ግራም ይመዝናል። በመካከል የታምሮን 28–75 ኤፍ 2.8 ለሶኒ ካሜራ እ.ኤ.አ. በ2018 በ799 ዶላር ወጣ፤ 550 ግራም ነው።

ከካሜራው ጋር የመጣ ዙም ካላችሁ ማዕዱ ተሸፍኗል። መጀመሪያ የሚጎድላችሁ ለአንድ ፊት የሚሆን ርካሽ ፕራይም ነው፤ በክሮፕ ሴንሰር ላይ 50 ኤፍ 1.8፣ በፉል ፍሬም ላይ 85 ኤፍ 1.8።

ትንንሽ ልጆች ካሏችሁና ፎቶው በአብዛኛው ቤት ውስጥ ከሆነ 35 ያህል የሚያይ ፕራይም ይቅደም፤ ለክሮፕ ሴንሰር ይህ 23 ወይም 24 ሚሊ ሜትር ነው።

የዘመድ ሠርግና ክርስትና እንድታነሱ የምትጠየቁ ከሆነ ግን ኤፍ 2.8 ዙም ወጪውን ይመልሳል። በቤተ ክርስቲያን ውስጥ የምትቆሙበትን ቦታ የምትመርጡት እናንተ አይደላችሁም። ቅዳሴው ላይ ወደፊት አይሮጥም፣ ካህናቱ ፊት አይቆምም፤ መቅረብ የሚችለው ቀለበቱ ብቻ ነው። ለአንድ ቀን ብቻ ከፈለጋችሁት ተከራዩት። ከሊትል ኢትዮጵያ ወደ ሰሜን፣ እዚያው ፌርፋክስ ላይ፣ አንድ ማይል በማይሞላ ርቀት ያለው ሳሚስ ካሜራ ሌንስ ይሸጣል፣ ያከራያልም። አገር ቤት ላለ ወንድም ወይም እህት ሌንስ የምትልኩ ከሆናችሁ ደግሞ ከዋጋው በፊት የካሜራውን የሌንስ መግጠሚያ ዓይነት አረጋግጡ፤ የሶኒው ለኒኮን አይገጥምም።

ፕራይሙን ከገዛችሁ አንድ ሥራ ልስጣችሁ። ቀጣዩ የቤተሰብ ምሳ ሊትል ኢትዮጵያ ከሆነ፣ ምግቡ እስኪቀርብ በዕድሜ የገፉትን ሰው «እትዬ፣ አንዴ ብቻዎን ላንሳዎት» በሏቸው። መጀመሪያ «እኔን ምን ያደርግልሃል፣ ልጆቹን አንሳ» ይላሉ፤ ለምኗቸው። በምዕራብ በኩል ባለው ጥላ ውስጥ ወይም መስኮቱ አጠገብ አስቀምጧቸው፣ ነጠላቸውን እስኪያስተካክሉ ጠብቁ፣ አንድ ሜትር ተኩል ራቁ፣ እያወራችኋቸው አንሱ። ከዚያም ስማቸውንና የተነሱበትን ቀን ፋይሉ ውስጥ በአማርኛ ጻፉ። የድሮው የኤክሲፍ የመግለጫ ሳጥን የተሠራው ለላቲን ፊደል ብቻ ስለነበር ፊደላችንን ሊያበላሽ ይችላል፤ ኤክስኤምፒ የሚባለው ክፍል ግን ዩኒኮድ ስለሚቀበል ይጠብቀዋል። ወደ አገር ቤት ስትልኩት በፎቶነት ሳይሆን በፋይልነት ላኩት፤ ስሙም ጥራቱም አብሮ ይደርሳል።